እሷን ሲጠብቁ የተቆረቆረች ከተማ

ቀዩ ፍሬ ከመሳቢያው ጥግ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ዶቃ የወደቀ መሰለኝ። ለፋሲካ ቤት እያጸዳን ነበር። አንቺ አነሳሽውና መስኮቱ ጋ ወስደሽ በብርሃን አገላበጥሽው። ባቄላ ያህላል፤ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ሲያሹት ያበራል። «ከረሜላ ነው?» አልሽኝ በእንግሊዝኛ። «የዛፍ ፍሬ ነው» አልኩሽና መጥረጊያዬን አነሳሁ።

እናቴ ብዙ አታወራም እያልሽ ለጓደኞችሽ ስትነግሪ ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው። ይህን ግን ልንገርሽ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። ስልክ ገና የሚታጠፍ ነበር። አባትሽና እኔ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ሊነጋ ሲል ይገባል። እኔ ስወጣ እሱ ገና ጋደም ማለቱ ነው፤ እኔ ስመለስ እሱ ወጥቷል። የምንነጋገረው ጠረጴዛ ላይ በምንተወው ወረቀት ነበር። «ወጥ አለ።» «ልብሱን አጥቤዋለሁ።» «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።» ወረቀቶቹን አልጣልኳቸውም።

በየማለዳው ቀዩን ባቡር ይዤ መሐል ከተማ ወደ ቢጫው እቀይርና ከወንዙ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እወርዳለሁ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ወንዙ ላይ ሲደርስ ብርሃን በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ይፈሳል። ያኔ ዳዊቴን አጥፌ ውኃውን አያለሁ። ክሪስታል ሲቲ ስንደርስ ግማሹ ሰው ይወርዳል፤ እኔ ባዶ ወንበር አጠገብ እቀጥላለሁ። በዚያ ዓመት በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ሳይኖር የሚመሹ ቀኖች ነበሩ። ይህን ለማማረር አይደለም የምነግርሽ። ጤና ነበረን፤ ሥራ ነበረን። ተመስገን።

ሥራዬ አንዲት አሮጊት መንከባከብ ነበር። የፊሊፒንስ ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት ነርስ ከሆነች ልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን «ሎላ በያቸው፤ በኛ ቋንቋ አያት ማለት ነው» አለችኝ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ሎላ ስል ግን አንቱ ያልኳቸው ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ «አናክ» ይሉኛል። ልጄ ማለት ነው።

ቤቱ ሩዝ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ይሸት ነበር። ሎላ ቀኑን የሚውሉት መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነው፤ ከዚያ ሆነው ወደ ኤርፖርቱ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ይጠፋባቸውና እንደገና ይጀምራሉ። ትውስታቸው እየራቃቸው ነበር። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ በልጅነታቸው ያዩትን የጀልባ ቀለም ግን ይነግሩኛል። ቀልዳቸው አልጠፋም ነበር። ሁዳዴ መሆኑን ነግሬያቸው ያቀረቡልኝን ዶሮ ስመልስ፣ «ስንት ቀን ነው?» አሉኝ።

«ሃምሳ አምስት።»

«እኛ አርብ ብቻ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን? የናንተ እግዚአብሔር ከሰዎቹ ይልቅ ዶሮዎቹን ነው የሚወደው» አሉ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ በብርዱ ወራት፣ ከዚያ ቤት ልባረር ነበር።

የአስታማሚነት ኮርስ ስንወስድ ደጋግመው ያስተማሩን አንድ ነገር ነበር፤ መድኃኒት ከሰጣችሁ ወዲያው ሰዓቱን ጻፉ። ማቀዝቀዣው ላይ የተንጠለጠለ ደብተር ነበረን። አንድ ቀን እንቅልፍ ሳልጠግብ ሄድኩና እጄ ያለ እኔ ጻፈ። የጠዋቱን ክኒን ሁለት ሰዓት፣ የከሰዓቱን ስምንት ሰዓት ብዬ መዘገብኩ። እንደ አገር ቤት። ልጃቸው በነሱ አምስት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ገባች። ነጭ ጫማዋን ሳታወልቅ ደብተሩን አነበበች።

«ይሄ ምንድን ነው?» ጣቷ ስምንቱ ላይ ነው። «አሁን አምስት ሰዓት ነው። ስምንት ገና አልደረሰም። ያልደረሰ ሰዓት ጽፈሻል። ሳትሰጪ ነው እንዴ የምትጽፊው?»

ለነርስ ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ከወጣችበት እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ። «ሶሪ» ብቻ አልኩ፤ ሶሪ ማለቴ ደግሞ ጥፋቴን ያመንኩ አስመሰለው። ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ልትደውል ስልኳን ከፈተች።

ሎላ ከወንበራቸው ተናገሩ። «የእጅ ሰዓቷን እዪ።»

«ናናይ፣ እባክሽ ተይ።» ናናይ እማዬ ማለት ነው።

«እዪው አልኩሽ። ከኛ ጋር ስድስት ሰዓት ይለያያል። የመጣች ሳምንት ነው ያየሁባት። እሷ አገር ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ትክክለኞቹም እነሱ ናቸው። ስምንት ብላ ከጻፈች ሁለት ሰዓት ላይ ሰጥታኛለች። ክኒኑ ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ሙዝ አብልታኛለች።»

ያን ዕለት ጠዋት ሎላ የሟች ባላቸው ስም ጠፍቷቸው ሲያለቅሱ ነበር። ሙዙን ግን አልረሱም። ልጃቸው እጄን ይዛ ሰዓቴን አየች፤ ከንፈሯ ሲቆጥር ይታየኛል። ከዚያ ስልኳን አጠፈችው። «እዚህ ቤት በግድግዳው ሰዓት ነው» አለችኝ። አልሳቀችም። ግን አላባረረችኝም።

በማግሥቱ ሎላ ጠሩኝ። «አሁን ውለታ አለብሽ። ደብተር አምጪ። ያንን የክኒን ደብተር አይደለም፣ የራስሽን። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።»

«እንግሊዝኛ ስጽፍ ዘገምተኛ ነኝ፣ ሎላ።»

«በራስሽ ቋንቋ ጻፊዋ። እኔ አላነበው።»

እንዲህ ነው የጀመርነው።

ሎላ የተወለዱባት ከተማ ዳፕዳፕ ትባላለች። ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ ትንሽ ናት። ዳፕዳፕ የዛፍ ስም ነው። ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ሲቀር ያብባል፤ አበባው እሳት ይመስላል። ሲነግሩኝ አወቅሁት። እኛ ሰፈር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ የነበረው ቆርች ነው፤ ባይሆን እንኳ የቅርብ ዘመዱ ነው። «እኛም አለን» ስላቸው እጄን መታ አደረጉኝ። «ከኛ ሰርቃችሁ ነው።»

ከተማዋ እንዴት እንደተቆረቆረች፣ ስሟንም ከየት እንዳገኘች ሰዎቿ ሁለት ታሪክ ይናገራሉ። አንደኛው የአስተማሪዎቹ ነው። ከሌላ ደሴት ሰው የሚፈነግሉ የባሕር ወንበዴዎችን ሸሽተው በሦስት ጀልባ የመጡ ቤተሰቦች ጎህ ሲቀድ ዳርቻው ቀልቶ አዩ። ሽፍቶቹ ቀድመውን አቃጥለውታል ብለው ፈሩ። አለቃቸው ግን ደፋር ስለነበረ ዘሎ ወረደ፤ እሳት ሳይሆን ዛፍ ሆኖ አገኘው። ሁለተኛው የካህናቱ ነው። ኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን ቤተ ክርስቲያን ከመሥራታቸው በፊት ደወላቸውን ዳፕዳፑ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ፤ ሰዉ «ወደ ዳፕዳፕ እንሂድ» እያለ ለቅዳሴ ሲሰበሰብ ስሙ ጸና።

ሎላ ሁለቱንም አይወዷቸውም። «ሁለቱም ውስጥ ሴት የለችም» ይላሉ። «ከተማ ያለ ሴት ይቆረቆራል?»

እሳቸው ሦስተኛ ነበራቸው። ከአያታቸው የሰሙት ነው፤ አያታቸው ደግሞ ከአያታቸው። የሚያውቀው ሌላ ሰው አልቀረም። የዳፕዳፕ ሰዎች በየዓመቱ በግንቦት አሌክሳንድሪያ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው የከተማቸውን ጠባቂ ቅዱስ በዓል ያከብራሉ። ሩቅ ካለችው ከጀርመንታውን ሳይቀር ይመጣሉ። ከምግቡ በፊት የከተማዋ ታሪክ ይነበባል። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ዓመት ሎላ ሦስተኛውን ሊናገሩ ተነሥተው፣ መሐል ላይ ጠፍቷቸው፣ የሞቱትን ባላቸውን «ወንበሬን አምጣልኝ» እያሉ ተጣሩ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ልጃቸው ሁለተኛ አይደገምም አለች። «ሰው እንዲያዝንላት አልፈልግም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ልብስ እያጠፍን።

ሎላ ደግሞ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታሪኩ ከራሳቸው ሳይጠፋ በአገራቸው ሰዎች ፊት መናገር።

ጽሑፉ ወራት ወሰደብን። አንድ ቀን ጀልባው ላይ ቆመን እንውላለን፤ በማግሥቱ ሎላ የደረስንበትን ረስተው ከወንበዴዎቹ እንጀምራለን። እኔ አልቆጣቸውም። እንደገና እጽፋለሁ። ደብተሩ ውስጥ ያ ጀልባ አሥር ጊዜ ያህል ተነሥቷል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነጭ ሽንኩርት ስጠብስ ጠረኑ አስመለሰኝና ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ ሎላ እያዩኝ ነበር።

«ሁለት ሆነሻል» አሉኝ።

«ጾሙ ነው፣ ሎላ።»

«ጾም እንዲህ አያደርግም።»

ለአባትሽ እንኳ ገና በወረቀት አልጻፍኩለትም ነበር። መኖርሽን ቀድመው ያወቁት ሎላ ናቸው። «ቁጭ በይ» አሉኝ፤ ያን ቀን ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይሰናከሉ ነገሩኝ።

በሁለተኛው ጀልባ ላይ አንዲት እናት ነበረች። ልጇ በመንገድ ላይ ሞቶባታል። ባሕር ውስጥ እንዳይጥሉባት ለማንም አልተናገረችም፤ እያጠባች አስመስላ ሁለት ቀን ታቀፈችው። ዳርቻው ቀልቶ ሲታይ ወንዶቹ ተጨቃጨቁ። እንመለስ አሉ፤ አለቃው ራሱ እንመለስ አለ። እሷ ተነሣች። ከጀልባው ወረደች። ውኃው እስከ ደረቷ ነው፤ ልጁን ከራሷ በላይ አንሥታ ወደ እሳቱ ሄደች። እሳቱ ዛፍ ነበር። ከሥሩ በእጇ ቆፍራ ልጇን ቀበረችው፤ አጠገቡም ተቀመጠች። ሊወስዷት ወርደው ተነሺ ቢሏት አልተነሣችም። አንድ ቀን ጠበቋት። ሲጠብቋት ውኃ ጠማቸውና ጉድጓድ ቆፈሩ። ሁለተኛው ቀን ዘነበባቸውና እንጨት ቆርጠው ጣሪያ ሠሩ። ሦስተኛው ቀን ዓሣ አጠመዱ። እሷ ስትነሣ ቤቶች ነበሩ። ልጅሽ የት ነው ሲሏት «ከዳፕዳፑ ሥር» ትል ነበር፤ የአገሩም ስም እሱ ሆነ።

«ጻፍሽ?» አሉኝ።

«ጻፍኩ።»

«መጨረሻውን እንዲህ ብለሽ ጻፊ። ከተማዋ የተቆረቆረችው እሷን ሲጠብቁ ነው።»

ግንቦት ሲቀርብ ልጃቸውን ለመንኩ። መለመን ለኔ ከባድ ነው፤ ታውቂኛለሽ። «አጠገባቸው እቆማለሁ። ሲጠፋባቸው ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ደብተሩን ሰጠኋት። ገለጠችው፤ ፊደሉን እያየች ብዙ ገጽ አገላበጠች።

«ይሄ ሁሉ እናቴ ያለችው ነው?»

«ሁሉም የሳቸው ነው።»

ደብተሩን መለሰችልኝ። በማግሥቱ የሎላን ቀሚስ፣ ትከሻው እንደ ክንፍ የቆመውን፣ አውጥታ ተኮሰችው።

አዳራሹ በሰው ሙቀትና በተጠበሰ ሥጋ ሽታ ተሞልቶ ነበር። ልጆች በወንበሮቹ መሐል ይሯሯጣሉ። ልጆቹ የአገራቸውን ቋንቋ ስለማያውቁ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ሽማግሌ የአስተማሪዎቹን ታሪክ አነበቡ። ከዚያ ሎላ ተነሡ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። ልጃቸው በሩ አጠገብ ነበረች፤ ቀጥታ ከሥራ መጥታ ነው፣ ነጭ ጫማዋን እንዳደረገች።

ሁለት ጊዜ ጠፋባቸው። አማርኛውን እያየሁ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጆሯቸው ላይ ነገርኳቸው፤ ቀጠሉ። ከዛፉ ሥር ስንደርስ እንደገና አቆሙ። «በእጇ ቆፈረች» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሜ አልኳቸው። ያኔ ደብተሩ ላይ የሌለ ነገር ተናገሩ። የሕፃኑን ስም። «ሦስት ወሩ ነበር» አሉ፤ ወለሉን እንጂ ሰው አላዩም። «ፀጉሩ ገና አልጠነከረም።»

ልጆቹ እንኳ መሯሯጣቸውን ተዉ። ቀሪውን ሎላ ያለ እኔ ጨረሱት። ሲጠብቋት የቆፈሩትን ጉድጓድ፣ የሠሩትን ጣሪያ፣ የመጨረሻዋንም ዓረፍተ ነገር። ተቀመጡ። ሰው አጨበጨበ። አንዲት ሴት «ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው» አለች፤ ሁሉም ለሰልፍ ተነሣ።

ስንመለስ ልጃቸው ትነዳለች፤ ሎላ ከፊት ተኝተዋል፤ እኔ ከኋላ ነኝ።

«ያ ስም ደብተርሽ ላይ አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ጀልባዎቹ የመጡት ከካህናቱ በፊት ነው። ያ ደግሞ የክርስትና ስም ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ስም አልነበረም።» ቀይ መብራት ላይ ቆምን። «በኔና በታላቅ ወንድሜ መካከል አምስት ዓመት አለ። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሎላ ነቁ።

«ናናይ» አለቻቸው፣ «እሱ ማነው?» ስሙን ጠራችላቸው።

ሎላ ዞረው አዩዋት። «ማን?» አሉ። «ርቦኛል።»

ከዚያ በኋላ ያን ስም ከአፋቸው አልሰማነውም። ልጃቸው በመስታወቱ አየችኝና «ጻፊው» አለችኝ። ጉልበቴ ላይ፣ መኪናው እየሄደ፣ እንደሰማሁት በፊደላችን ጻፍኩት። ጽሕፈቴ መጥፎ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

ሎላ የጥንቷን ሴት ታሪክ ነው የነገሩኝ ወይስ የራሳቸውን? እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ሆዴ ሲገፋ ሥራውን ተውኩ። የስንብት ዕለት ሎላ በሁለት እጃቸው ሆዴን ያዙ። «ይዘሻት ነይ» አሉኝ። ሴት መሆንሽን ማንም አልነገራቸውም። እሺ አልኳቸው። አንቺ በፍልሰታ ተወለድሽ፤ እኔም አራስ ነበርኩ፤ ቀኖቹም አለፉ። ይዤሽ ሳልሄድ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ልጃቸው ደውላ ማረፋቸውን ነገረችኝ።

ሴት ለወለደች እናት ሰማንያ ቀን ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። አልሞላኝም ነበር። የነሱ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማን ያይሻል ያለኝ ሰው ነበር። የሚያየኝን አውቃለሁ። አባትሽ እስከ አሌክሳንድሪያ አደረሰንና ወደ ሥራው ሄደ፤ አንቺን ታቅፌ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ቆምኩ። መዝሙሩ በተዘጋው በር ይሰማ ነበር። ሲጨርሱ ልጃቸው ቀድማ ወጣችና አየችን።

«ለምን አልገባሽም?»

«ሰማንያ ቀኔ አልሞላም።»

ፊቴን አየችው። «ይሄም የአገርሽ አቆጣጠር ነው?» አለችኝ። ዓይኗ አብጦ፣ ጥቂት ፈገግ አለች። አዎ አልኳት። ተመልሳ ሄዳ ለተሸካሚዎቹ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ሳጥኑን ይዘው እኛ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። እኔ ትንሽ እጅሽን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ እንጨቱ ላይ አኖርኩት። ይዘሻት ነይ ብለውኝ ነበርና።

ኋላ ልጃቸው በየእሑዱ ትደውልልኝ ነበር። ደብተሩን አነብላታለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። እንደ ሰማሁት አሁን በአዳራሹ የሚነበበው ሦስተኛው ነው። ስሙን ግን አያነቡም፤ እሷ አልሰጠቻቸውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ዳፕዳፕ ሄዳ ነበር። ከዚያ በፖስታ የላከችልኝ ይህን ፍሬ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ። «ዛፉ አለ። ከሥሩ አስፋልት ሆኗል፣ የሚያውቅም አላገኘሁም፤ ግን ጥላው ሥር ተቀምጬ ዋልኩ።» ከዚያ ወዲህ ወደ ሌላ ስቴት ተዛወረች፤ ስልኩም ተቀየረ።

ፍሬውን እንትከለው ትያለሽ። የሜሪላንድ ብርድ አያስበቅለውም። ይቀመጥ።

ደብተሩ ይኸውልሽ። እኔ ማታ ስጸልይ ያን ሕፃን በስሙ አነሣዋለሁ፤ ለቄሱ ነግሬያቸው አላውቅም። ፊደል ቀስ ብለሽ ታነቢያለሽ፤ አይደለም እንዴ? ስሙ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፣ ብቻውን የተጻፈው፣ የተንጋደደው። ጣትሽን ከሥሩ አድርጊና ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። እዚህ ቤት ውስጥ ከኔ ሌላ ማንም ጠርቶት አያውቅም።